መምህር አይዞህ

ተማሪዎቹ «መምህር አይዞህ» ይሉት ነበር፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር፣ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ኋላም ኮምፒዩተር ሲመጣ ፕሮግራም አጻጻፍ፣ «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» ሳይል የማንንም ስህተት አርሞ አያውቅም። ባልደረቦቹ ይቀልዱበት ነበር። «በአይዞህ ቢሆን ኖሮ ድልድይ ሁሉ በምርቃት ይቆም ነበር» አለው አንድ ቀን የምህንድስና መምህሩ። እሱም ሻዩን እያማሰለ፣ «ስህተታቸውንማ ማሽኑ ራሱ ይነግራቸዋል፤ በቀይ ጽሑፍ፣ ይሉኝታ ሳያውቅ። እኔ ደመወዝ የምበላው ማሽኑ የማይለውን ልልላቸው ነው» ብሎ መለሰለት።

ጡረታ ወጥቶም አመሉ አልለቀቀውም። ለደም ግፊቱ በየወሩ ሆስፒታል ሲመላለስ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀርባ የምትሠራውን ሴት ተዋወቃት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ወረቀት መገልበጫ የጎማ ቆብ ከአውራ ጣቷ የማይለይ፣ ጣሪያ በነኩት የብረት መደርደሪያዎች መሃል በገዛ ጓዳዋ እንዳለች የምትንጎራደድ ሴት ነበረች። የእሱ ካርድ የመጥፋት አባዜ ነበረበት። «የጋሼ ካርድ ዛሬም ኮብልሏል» ትልና መሰላሏን ይዛ ትገባለች፤ ሳታገኘው ወጥታ አታውቅም።

አንድ ወር ግን ካርዱን ያለ ቀልድ ሰጠችው። ምን እንደሆነች ቢጠይቃት ነገረችው። ካርድ ክፍሉ ሊዘጋ ነው፤ ሁሉም ነገር ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ከአምስቱ ሠራተኞች ፈተና ያለፉ ሁለቱ ብቻ በአዲሱ የመረጃ ክፍል ይቀራሉ፤ የተረፉት ወደተገኘው ቦታ ይመደባሉ። ፈተናው ላይ የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርት አለበት።

«ታዲያ ተማሪያ» አላት።

«እኔ?» አለችና ከወረፋው ሰው ፊቷን መለስ አደረገች። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስተምረኛል?»

በዚያው ሳምንት ከሥራ መልስ፣ የታናሽ እህቷን አሮጌ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልላ ቤቱ መጣች። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። የመምህሩ ባለቤት ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ሳሎኑን ከስፌት መኪናዋና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ነው የሚጋሩት።

«ጋሼ፣ እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ እኔ ደደብ ነኝ» አለች ገና ቁጭ ሳትል፣ የደም ዓይነቷን እንደሚጠይቋት ሰው ረጋ ብላ። አራተኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳው ፊት ገትሯት «አንቺ የመጣሽው ወንበር ልታሞቂ ነው» ብሏት፣ ክፍሉ በሙሉ ስቆባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር በተነሳ ቁጥር አንገቷን መድፋት ለመደች።

መምህሩ ስለ ኮምፒዩተር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ጠዋት መስኮቱን ከከፈትሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«የመጣውን ሰው ቁጥር እጠይቃለሁ። ካርዱን አወጣለሁ። እሰጠዋለሁ። ቀጣዩን እጠራለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ወረፋው እስኪያልቅ ነዋ።»

«ሰውየው ቁጥሩ ቢጠፋበትስ?»

«በስሙ እፈልግለታለሁ።»

«በይ እንግዲህ፣ ፕሮግራም ማለት ይኸው ነው። ዙር አለሽ። መቆሚያ አለሽ። ‹እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን› የሚልም አለሽ። አሥራ ስድስት ዓመት ስትሠሪው ኖረሻል፤ እኛ አሁን አጻጻፉን ብቻ ነው የምንማረው። አይዞሽ።»

ሰባት ጊዜ ተማረች። ቀይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር እጇን ከማሽኑ ላይ እንደተቃጠለ ሰው ታነሳለች፤ እሱ ደግሞ በቀስታ «አይዞሽ፣ ተመለሽበት» ይላታል። በስድስተኛው ቀን ማሽኑ ከአንድ እስከ ሃያ ቆጥሮ፣ ሃያ ላይ በትእዛዟ ሲቆም፣ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ምነው፣ ወለድሽ እንዴ?» አለቻት።

ስምንተኛው ትምህርት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መምህሩ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፤ በራሱ ጉልበት ግን ቀና ማለት አልቻለም። ስትሮክ ነበር። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ እንግዳ ሰው ዕቃ አብረውት ይጎተቱ ነበር። አፉ ውስጥ የቀረችው ቃል ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች። «አይደለም።»

«የምትዪው ይገባዋል» አላት ሐኪሙ ለባለቤቱ። «ማሰቡም ደህና ነው። ቃሉ ነው መውጫ ያጣው። እንዲህ ያለ ሕመም አንዳንዱ ሰው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ነጥሎ ይተዋል፤ ለምን እሷ እንደሆነች እኛም አናውቅም። ቀስ በቀስ ሌላም ሊመጣ ይችላል።»

ሻይ ልቅዳልህ ስትለው አይደለም ይላል፤ ጽዋውን ግን ይቀበላታል። ብርድ ልብሱን ልደርብልህ ስትለው አይደለም። ባለቤቱ ማልቀሱን ማታ ማታ ለብቻዋ ጨርሳ ቀን ቀን ትቀልድ ነበር። «ሠላሳ ዓመት እሺ ስትለኝ ኖረህ፣ እምቢ ማለት አሁን ነው የተማርከው?» እሱም መሳቅ ይሞክራል፤ ነገር ግን የፊቱ ግማሽ ስለማይታዘዘው ሳቁ ማሽሟጠጥ ይመስላል። ራሱን ላይና ታች ሊነቀንቅ ሲፈልግ ወደ ጎን ይወዘወዝበታል። አውራ ጣቱን ለአዎንታ እንዲያነሳ አስተምረውት ነበር፤ ልቡ ረጋ ሲል ይሆንለታል፣ ሲቸኩል ግን እጁም ይረሳዋል።

ከሁሉ ያንገበገበው ግን ሌላ ነበር። ‹አይዞሽ› ሊል ሲነሳ «አይ…» ድረስ በደህና ይሄዳል። ከዚያ ምላሱ መንታ መንገድ ላይ እንደደረሰ አህያ ወደለመደው ይታጠፍና «…ደለም» ብሎት ያርፋል። የዕድሜ ልክ ቃሉ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ትታየዋለች። አትገባለትም።

ሴትዮዋ ልትጠይቀው መጣች፤ ብርቱካን ይዛ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ላፕቶፑ ከቦርሳዋ ጎን ብቅ ብሎ ያየችው ባለቤቱ ናት። «ፈተናው መቼ ነው?» አለቻት።

«ሁለት ወር ከአሥር ቀን ቀርቶታል። አሁንማ ተይው እትዬ፣ እንዲህ ሆነው…»

«እንዲህ ስለሆነ ነው እንጂ። ከጎኑ ተቀምጠሽ ሥሪ። እሱም ግድግዳ ከሚያይ አንቺን ያያል። ‹አይደለም› ቢልሽ ግን ከቁም ነገር አትቁጠሪው፤ ሌላ ቃል የለውም። ግራ እጁ ይሠራል፤ የተሳሳትሽው ላይ በጣቱ ያሳይሻል።»

እንደተባለው ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ እሱ በግራ ጣቱ ያሳያታል። እዚህ ነጥብ ጎድሏል። እዚህ ዙሩ መቆሚያ የለውም። እዚህ ስሙን በሌላ ፊደል ጽፈሽዋል። ዓይኑና አእምሮው እንደ ድሮው ነበሩ፤ ስህተት አያመልጠውም። መጀመሪያ ሰሞን ደስ አለው፤ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ገና ይችላል። ባለቤቱም ከስፌቷ ላይ ሆና ሰርቃ እያየችው ደስ አላት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሴትዮዋ ጣቱ ከወንበሩ ክንድ ላይ ሲነሳ ትከሻዋን መሰብሰብ ጀምራለች። ልክ የሆነውን ስትጽፍ ምንም አያደርግም፤ ምንም ማድረግ አይችልምና። ስትሳሳት ጣቱ ይመጣል። ልክ መሆኗን ልትሰማ ቀና ብላ ስታየው፣ «አይደለም» ይላታል።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ቃሉ ነው» ትላለች ፈገግ ብላ። ታውቃለችም። ግን ጭንቅላት የሚያውቀውን ጆሮ ሁልጊዜ አይቀበልም። አራተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት የቆመችው ልጅ ለሕመሙ ምክንያት የሚሰጥ ሐኪም አልነበራትም፤ እሷ የምትሰማው ‹አይደለም›ን ብቻ ነው። መምህሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ሠላሳ አንድ ዓመት ከተሰበሩበት ሲጠግን ኖሯል። አሁን እሱ ራሱ የቀይ ጽሑፉ ታናሽ ወንድም ሆኖ ቁጭ አለ።

አውራ ጣቱን ሊያነሳላት ሞከረ። ሲቸኩል ሌባ ጣቱ ቀድሞ ወጣ፤ እሷም ደንግጣ ደህናውን መስመር አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ፈራ፤ መሞከሩንም ቀነሰ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከወትሮው ቀድማ መጣች። ፎቁን በሩጫ የወጣች ትመስል ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ መጽሐፉ ላይ ያለውን አይደለም የሠራሁት» አለች። «የራሴን ነው። ሥራ ላይ ሆኜ አሰብኩት። መደርደሪያው ላይ ካርድ ቦታውን ስቶ ሲገባ የሚያገኝልኝ።»

ዘጠኝ መስመር ነበር። የካርዶቹን ቁጥር በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ይቀበላል፤ እያንዳንዱን ከፊቱ ካለፈው ጋር ያነጻጽራል፤ ካለፈው ያነሰ ሲያገኝ ቁጥሩን ይጽፋል። መምህሩ ወደ ማያው ዘንበል ብሎ አነበበ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከመጀመሪያው ካርድ በፊት ካርድ የለም። እሱ ከምን ጋር ይነጻጸር? ስንትና ስንት ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደናቀፍ አይቷል፤ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። እሷ ዙሩ ከመጀመሩ በፊት አንዲት አጭር መስመር ጽፋለች፤ ያለፈው ካርድ ቁጥር ዜሮ ይሁን። ከዜሮ የሚያንስ ካርድ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ካርድ ያለ ችግር ያልፋል። ይህን ማንም አላስተማራትም። እሱም በትምህርታቸው ገና እዚያ አልደረሰም ነበር።

አንዱን ካርድ ሆን ብላ ከቦታው ያሳተችበትን የቁጥር ዝርዝር አስገብታ ማሽኑን አስነሳችው። «4070» ብሎ ጻፈ። የሳተው ካርድ እሱው ነበር።

«ልክ ነው ጋሼ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ደረቱ ውስጥ የሞላው ነገር እንዴት ይነገራል? ማን አሳየሽ፣ ከየት አመጣሽው፣ አንቺን ደደብ ያለ እሱ ራሱ ደደብ ነው፣ ሊል ፈለገ። «አይ…» አለ፤ ጥርሱን ነከሰ፤ «…ደለም። አይደለም፣ አይደለም።» እንባው መጣ። እጁን አነሳና ጣቱን ያቺው ሦስተኛ መስመር ላይ አሳረፈ፤ ይህቺን ተመልከቺ፣ ውበቷን እዪያት፣ ሊል ነው። ደግሞም ደጋግሞ ነካት።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ያቺ ጣት ስህተት እንጂ ሌላ አሳይታ አታውቅም።

«እዚህ ጋ ነው ስህተቱ?» አለች። መስመሯን አጠፋቻት። አስነሳችው። ቀይ ጽሑፍ መጣ። መምህሩ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ መታ። «እሺ እሺ፣ ሌላ ቦታ ነው» ብላ መስመሯን ዙሩ ውስጥ ከተተቻት። አሁን ያለፈው ካርድ በየዙሩ ዜሮ እየሆነ ምንም የሚያንስ አልተገኘም፤ ማሽኑ ዝም አለ። እሱ ቁልፎቹ ላይ እጁን ሰዶ ሊመልስላት ታገለ፤ ጣቱ የነካካው ግን ፊደል ከፊደል የማይገጥም ቅራቅንቦ ሆኖ ወጣ። እሷም እሱ የጻፈውን ትርጉም ልታወጣለት ዓይኗን አጥብባ አፈጠጠች። ጨመረች፣ ቀነሰች፣ አዛወረች። በመጨረሻ ከዘጠኙ መስመር ውስጥ ደህና ሆኖ የቆመ አልተረፈም። ሁሉንም ጠርጋ አጠፋችው።

ባለቤቱ ሥራ ልታደርስ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ እያለቀሰ፣ እሷ እጁን ይዛ «ይቅርታ ጋሼ፣ አናደድኩዎት፣ ይቅርታ» ስትል ደረሰች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም እትዬ። የማይሆን ነገር ይዤ መጥቼ ነው።»

ረቡዕ አልመጣችም። ቅዳሜም ቀረች። በተከታዩ ማክሰኞ ጠዋት ደውላ፣ ሥራ ስለበዛባት ከእንግዲህ ትምህርቱን እንደማትቀጥል፣ ለፈተናውም እንደማትቀመጥ ለባለቤቱ ነገረቻት። መምህሩ ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ ከወንበሩ ሆኖ ሰማ። ተነሳ። በግራ እጁ ካፖርቱን ከመስቀያው ጎትቶ ጣለው፤ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርዱን ከመሳቢያ አወጣና ጠረጴዛው ላይ መታው።

«ምን ሆንክ?» አለች ባለቤቱ ደንግጣ።

«አይደለም።»

«ቀጠሮህ እኮ የዛሬ ሳምንት ነው።»

በሩን ያዘ። ትንሽ አየችውና ገባት። «እሷ ጋ ነው?»

«አይደለም» አለ፤ በሩን ግን ከፈተው።

ያን ሦስት ፎቅ ለመውረድ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ካርድ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ ወረፋው እስከ በሩ ተዘርግቷል። መምህሩ በምርኩዙ እየተጎተተ ወደ መስኮቱ አለፈ። «አባት፣ ሁላችንም ታመን ነው የተሰለፍነው» አለው አንድ ጉልማሳ። «አይደለም» አለ መምህሩ፤ ሰውየውም ተቆጣ። ጥበቃው ሊያስቀምጠው ክንዱን ይዞ ሲያባብለው፣ ሴትዮዋ በመስኮቱ አየችውና በጎን በር እየሮጠች ወጣች። የጎማ ቆቧን አላወለቀችም ነበር።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ፊቱ ቁጢጥ አለች። «ምነው ጋሼ፣ በዚህ ጉልበትዎ? እንዳሳፈርኩዎት አውቃለሁ፤ መጥቼ ልነግርዎት ስላፈርኩ ነው በስልክ ያደረግሁት።»

«አይደለም» አለ።

ራሱም ደነገጠ። ከታመመ ወዲህ ቃሉና ሐሳቡ ሲገጥሙለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ባለቤቱም ገባትና የሴትዮዋን ትከሻ ያዘች። «ሰማሽው? አላሳፈርሽውም ነው የሚልሽ። የዛሬው የእውነቱ ነው።»

ሴትዮዋ ከአንዷ ወደ ሌላው አየች። ፈገግ አለች፤ ለበሽተኛ የሚፈገገውን ፈገግታ። መምህሩ እንዳላመነች ከዓይኗ ላይ አነበበ። መቼስ ከዚያ ሁሉ አይደለም መሃል እውነተኛውን ለይቶ ማውጣት ለማን ይቻላል? አልፈረደባትም።

«እሺ ጋሼ» አለች።

«ታዲያ ፈተናውን ተፈተኚ» አለቻት ባለቤቱ።

«ትናንት ፈርሜያለሁ እትዬ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የመደቡኝ። ጥሩ ነው፤ ከሰው ጋር አያጨቃጭቅም።»

«መሰረዝ አይቻልም? እኔ ራሴ ገብቼ አስተዳደሩን ላነጋግር?»

«ቢቻልስ» አለችና ወለሉን አየች። «ሞከርኩ እኮ። እሳቸውም በዚህ ሕመም ላይ የቻሉትን ሁሉ አደረጉልኝ። እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ይተዉኝ እትዬ።»

ከመስኮቱ ውስጥ የሥራ ጓደኛዋ ጠራቻት። ተነሳች፤ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ጥበቃውን ታክሲ እንዲጠራላቸው ለምና ገባች። መምህሩ በማይታዘዘው ምላሱ ሊከተላት ሞከረ። ከኋላዋ የደረሰው ያው የተለመደው ቃል ነው፤ ለዚያውም ሳይደርሳት በሩ ተዘጋ።

ካርድ ክፍሉ በተባለው ቀን ተዘጋ። መደርደሪያዎቹ ተፈትተው ወጡ፤ ሁለት ወጣቶች ፈተናውን አልፈው መረጃ ክፍል ገቡ። መምህሩ በስድስት ወሩ ሌሎች ሦስት ቃላት አገኘ፤ «ውሃ»፣ «ነገ»፣ እና ባለቤቱን የሚያቆላምጥበት ስም። ባለቤቱ በየቃሉ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የንግግር ባለሙያዋ ታገስ ትለዋለች። ይታገሳል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ሴትዮዋ አንድ እሑድ ልትጠይቃቸው መጣች። እጇ በሳሙናና በበረኪና ተሰነጣጥቋል። አንሶላ በኪሎ እንደሚመዘን፣ ትልቁ ማሽን ሲጨርስ እንደ ፍየል እንደሚጮህ ለባለቤቱ አጫወተቻት፤ ለእሱም ጮክ ብላ፣ ጆሮው የማይሰማ ይመስል፣ «ተሻለዎት አይደል ጋሼ?» አለችው። ባለቤቱ ነገሩን ወደ ትምህርቱ ልታዞር ስትል፣ «ላፕቶፑን ለእህቴ መለስኩላት» ብላ ቆረጠችው።

ባለቤቱ ሻይ ልታፈላ ገባች። ሴትዮዋ ከመምህሩ ጎን እንደተቀመጠች፣ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ስለነበር፣ ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። ራሷ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ዘመም አለ። መምህሩ በደህና እጁ ከጎኑ ያለውን ትራስ ስቦ፣ ብዙ ታግሎ፣ ከጉንጯ ስር አስገባላት። ባለቤቱ ጽዋዎቹን ይዛ ብቅ ስትል፣ ዝም በይ ለማለት ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አደረገ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ጠበቋት።

ስትነቃ አፈረች። «ምነው ዝም አላችሁኝ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ ታክሲ እንዳያመልጣት ቸኩላ ሁለቱንም ሳመቻቸውና ደረጃውን ወረደች።